ፖምፓውን ከመክሰሳችሁ በፊት

«ፖምፓው አልቋል» የሚባል ፍርድ አለ፤ ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ማለት ነው። ናፍታ መኪና የያዘ ሰው አንድ ቀን ሳይሰማው አይቀርም። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይናገረዋል፤ ባለመኪናው ኪሱን እየዳበሰ ይሰማዋል። ፖምፓ ማሠራት የዋዛ ወጪ አይደለማ።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ፖምፓና ኖዝል፣ ማለትም ፖምፓው የላከውን ናፍታ ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ዕቃ፣ እሠራለሁ። ቤቷ ጠባብ ናት። አንድ የፖምፓ መፈተሻ ማሽን፣ አንድ በእጅ የሚነዳ የኖዝል መፈተሻ፣ ሞርሳ፣ ማጠቢያ ሳህኖችና በትናንሽ ቆርቆሮ የተለያዩ ሺሞች (የኖዝል ግፊት ማስተካከያ ስስ ቀለበቶች)፣ በቃ። ደህና ገንዘብ የሚገኘው ከፖምፓ ነው። ስለዚህ ለጥቅሜ ካሰብኩ የሁሉም ሰው ፖምፓ ቢበላሽ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እውነቱ ግን «ፖምፓው አልቋል» ተብለው ወደ እኔ ከሚመጡት አሮጌ ናፍታዎች የብዙዎቹ ፖምፓ ደህና ነው። የታመመው ኖዝሉ ነው። ኖዝል ደግሞ ከሞተሩ ከወጣ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ይፈተሻል። ሳይፈተሽ የሚጣለው ብዛት ነው የሚያናድደኝ።

አሮጌ ስል ኮምፒውተር የማያዘው ናፍታ ማለቴ ነው። የሃይሉክስ ፒካፕና የሃይኤስ ሚኒባስ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች። የላንድክሩዘሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትሩ። አልፎ አልፎ ደግሞ ጡረታ የወጡ ሰዎች አልሸጥም ብለው የያዟት መርሴዲስ 240ዲ። ኮመን ሬል የሚባሉት አዲሶቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የእነሱ ግፊት ከ1000 ባር በላይ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። እዚህ የምጽፈው ለእነሱ አይሠራም፤ አንዳንዱ እንዲያውም አደገኛ ነው። እሱን ወደታች እመለስበታለሁ።

ለምን አሁን መጻፍ አስፈለገህ ካላችሁኝ፣ አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን አቆይቶ መንዳት ነው። ወደ ገጠርና ወደ አፋር በረሃ የሚወርድ ሰው ደግሞ አሮጌውን ናፍታ በምንም አይለውጠውም።

የኖዝል አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። ፖምፓው ናፍታውን ገፍቶ ይልካል። ኖዝሉ ውስጥ አንዲት መርፌ አለች። ከላይ ሞላ ተጭኗታል። የናፍታው ግፊት ሞላውን ሲያሸንፍ መርፌዋ ትነሳለች፤ ናፍታው ይረጫል። ግፊቱ ሲወርድ ሞላው መርፌዋን መልሶ ይዘጋታል። ያ ብቻ ነው። ነገሩ የሚከብደው ፍጥነቱና ጥራቱ ላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር እያንዳንዱ ኖዝል 1500 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሰከንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። በመርፌዋና እሷ በምትንሸራተትበት ቀፎ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የፀጉራችን ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። እንግዲህ በርሜል ስር የተቀመጠ አቧራ እዚያ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አስቡት።

የታሪክ ወሬ የማይወድ ይህቺን አንቀጽ ይዝለላት። ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ናፍታውን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው በታመቀ አየር እየነፋ ነበር። ለዚያ የሚሆን ኮምፕረሰር ከሞተሩ ጋር መኖር ነበረበት። ለፋብሪካና ለመርከብ ይሁን፤ ለመኪና ግን አይሆንም። ፕሮስፐር ሎራንዥ የሚባል የቤንዝ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1909 ናፍታው መጀመሪያ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቃጥሎ ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ የሚወጣበትን አሠራር አስመዘገበ። ቦሽ በ1927 የናፍታ ፖምፓ በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1936 መርሴዲስ 260ዲ በርሊን ላይ ለሕዝብ ታየች። የእኛ 240ዲም፣ 2ኤልም፣ 1ኤችዜድም የዚያ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ናፍታው የሚረጨው በቀጥታ ፒስተን ላይ ሳይሆን ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ውስጥ ወዳለች ትንሽ ክፍል ነው። ለዚህ ነው ኖዝሎቻቸው በዝቅተኛ ግፊት የሚከፈቱት፤ ለዚህም ነው እንደኔ ባለች ቤት ሊጠገኑ የሚችሉት።

አሁን ወደ በሽታው። ጠዋት ሲነሳ ካ ካ ካ የሚል ደረቅ ማንኳኳት፣ ነጭ ጭስ፣ ዓይን የሚያቃጥል የናፍታ ሽታ፣ ከዚያ ሲሞቅ መሻል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ መንገጫገጭ። ነዳጅ መብላት። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ክፍሏን የምታሞቀው ካንዴሊታ ቶሎ ቶሎ መቃጠል። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ከኖዝል ጋር አያገናኛትም። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ግን እሳቱን አለቦታው ያነደዋል፤ አጠገቡ ያለችው ካንዴሊታ ጫፏ ይበላል። ካንዴሊታ በየጊዜው ከምትቀይሩ አንዴ ኖዝሉን አስፈትሹ። ዝም ተብሎ ከቆየ ደግሞ ነገሩ ወደ ፒስተን ይደርሳል፤ ያኔ የምናወራው ስለ ሌላ ሒሳብ ነው።

ጥቁር ጭስ ላይ ትንሽ ቆጠብ በሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ጭነት ይዞ የሚወጣ ቱርቦ የሌለው ናፍታ ትንሽ ቢያጨስ አይገርምም። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሚገባው ናፍታ ግን ያው ነው። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮም እንዲሁ ያደርጋል። መጀመሪያ ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩት። የፊልትሮ ዋጋ ይታወቃል።

ኖዝል ሳይፈታ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ፣ ከፖምፓው ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን የብረት ቧንቧ ዳዶ በ17 ቁልፍ ትንሽ ላላ ማድረግ ነው፣ አንድ በአንድ። ናፍታው እዚያው ስለሚፈስ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ጤነኛ ከነበረ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይለወጣል፤ ይንገዳገዳል። ምንም ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ማንኳኳቱ ድንገት ጸጥ ካለ ደግሞ ጥፋተኛው ተገኘ። መነጽር አድርጉ፤ ዳዶውን በጨርቅ ሸፍኑት፤ እጃችሁን ከሚረጨው አርቁ። ኮመን ሬል ላይ ግን ይህን በጭራሽ እንዳትሞክሩ። እዚያ ያለው ግፊት ሥጋ ይቆርጣል።

ባለፈው በሚሌ በኩል የመጣ አንድ የላንድክሩዘር ሾፌር ነበር። 1ኤችዜድ ነው። ሌላ ቦታ ፖምፓው ይውረድ ተብሎ ዋጋ ተነግሮታል። ፊቱ ላይ የመንገድ አቧራ፣ እጁ ላይ የተጠቀለለች ወረቀት፤ ወረቀቷ ላይ ያ ዋጋ አለ።

«ወንድሜ፣ ፖምፓውን አውርደህ እየው፤ ጊዜ የለኝም።»

«አብሽር፣ መጀመሪያ ሞተሩን ላዳምጠው።»

«ምኑን ታዳምጠዋለህ፣ አልቋል አሉኝ እኮ!»

ቧንቧዎቹን በተራ አላላሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ሲላሉ ሞተሩ ተንገዳገደ። አራተኛው ላይ ያ ማንኳኳት ጠፋ። ቆመ። ሾፌሩ ራሱ ቀና ብሎ አየኝ። አምስተኛውና ስድስተኛው ደህና ናቸው። ስድስቱንም አወጣኋቸው፤ አንዱን ብቻ ማውጣት አልወድም። የአምስቱ ጫፍ ደረቅና ግራጫማ ነው። የአራተኛው ጫፍ እርጥብ፣ በጥቁር ካርቦን የተለበጠ። መፈተሻው ላይ ሳስረው በ110 ኪሎ ግፊት ተከፈተ፤ ቀጥሎም መንጠባጠብ። የሌሎቹ ከ135 እስከ 140 ነው። እነሱም ከልኩ ወርደዋል፣ ግን እኩል ወርደዋል። አራተኛው ሲፈታ መርፌዋ ወገቧ ላይ ቡናማ ነጥብ ነጥብ አላት። ዝገት ነው። «ከየት ነው የምትቀዳው?» ስለው «ከበርሜል» አለ። ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። አንድ አዲስ ኖዝል፣ የሁሉም ግፊት ማስተካከል፣ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ፤ ፖምፓው ከቦታው ሳይነቃነቅ ሄደ።

ወደ መፈተሻው ልመለስ፤ የምወደው ክፍል እሱ ነውና። መሣሪያው የእጅ ፖምፓ ነው። እጀታ አለው፣ ጌጅ አለው፣ የመፈተሻ ፈሳሽ የሚቀመጥበት ማጠራቀሚያ አለው። ኖዝሉ ወደታች ተዘቅዝቆ ይታሰራል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ እጅ ከኖዝሉ ፊት አይደረግም። ከ100 ባር በላይ የሚወጣ ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲገባ ብዙ አያምም፤ ትንሽ ነጥብ ናት። አታላይነቱ እዚያ ላይ ነው። ቀላል መስሎት ቤቱ የገባ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። የተወጋ ሰው ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ፤ ናፍታ በግፊት ገብቶብኛል ብሎም ይንገራቸው። የሚረጨው ጉም ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። እኔ ዘንድ ሲጋራ ይዞ የሚገባ ሰው ከደጅ ይመለሳል፤ ሹፌር ይሁን ሹም።

መጀመሪያ እጀታውን ፈጠን አድርጌ ጥቂት ጊዜ እመታና አየሩንና የላላውን ካርቦን አስወጣለሁ። ቀጥዬ በዝግታ እጫናለሁ። የጌጁ መርፌ ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ከዚያ ድንገት ወረድ ትላለች። የወረደችበት ቦታ የመክፈቻ ግፊት ነው። 2ኤልና 3ኤል ላይ ላገለገለ ኖዝል ከ105 እስከ 125 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ለአዲስ ከ115 እስከ 125 መሆን አለበት። 1ኤችዜድ ላይ ላገለገለ ከ145 እስከ 155፣ ለአዲስ ከ151 እስከ 159። መርሴዲስ 240ዲ አዲስ ኖዝል ሲገባላት ከ115 እስከ 125 ባር፤ ያገለገለው ከ100 በታች ከወረደ አይሆንም። ባርና ኪሎ ልዩነታቸው ጥቂት ስለሆነ አትጨነቁበት።

ግፊቱ ለምን ይወርዳል? ሞላው ስለሚደክም ነው። ሲወርድ ኖዝሉ ቀድሞ ይከፈታል፤ ናፍታው ከጊዜው በፊት ይገባል፤ ጠብታውም ይተልቃል። ያ ነው ማንኳኳቱ። ብዙ መካኒክ ይህን ሰምቶ ፖምፓውን አዙሮ ታይሚንጉን፣ ማለትም ናፍታው የሚረጭበትን ጊዜ፣ ያዘገያል። ድምፁ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። በሽታው ግን እዚያው አለ።

ሁለተኛው ፈተና የማንጠባጠብ ነው። ግፊቱን ከመክፈቻው ከ10 እስከ 20 ዝቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። ለ10 ሰከንድ ጫፉ ላይ ጠብታ መፈጠር የለበትም። ብዙ ኖዝል የሚወድቀው እዚህ ነው። ጫፉ ቀስ ብሎ ይረጥባል፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ታብጣለች፤ ከዚያ ትወድቃለች። ጠብታዋን ሳይ ባለመኪናውን ጠርቼ አሳየዋለሁ። ዓይኑ ካየው በኋላ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው መርጨቱ ነው። የእነዚህ ሞተሮች ኖዝል አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ በመሃሉ የመርፌዋ ቀጭን ጫፍ ታልፋለች። የሚወጣው ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ ዙሪያው እኩል የሆነ ሾጣጣ መሆን አለበት። ሽቶ ከጠርሙሱ ሲነፋ እንደሚወጣው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ በመካከሉ ክር የመሰለ ፈሳሽ ካለ፣ ወይም ለሁለት ከተከፈለ ጫፏ ላይ ካርቦን አለ ወይም ተበልታለች።

አራተኛው ድምፁ ነው። ያገለገለ ኖዝል እጀታው በደቂቃ ከ15 እስከ 60 ጊዜ ሲመታ፣ አዲስ ደግሞ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ሲመታ መንቀጥቀጥ አለበት። ክርርር ይላል። መርፌዋ በፍጥነት እየተነሳች እየተቀመጠች መሆኗን የሚነግር ድምፅ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት አሥመራ የሠሩ ሰው ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ይህቺን የሚፈትኑት። እኛ ጌጁ ላይ አፍጥጠን እሳቸው ድምፁን ብቻ እያዳመጡ፣ አይ፣ ይኼ ልጅ ይታጠብ ይላሉ። ኖዝሉን ነው ልጅ የሚሉት። ሲፈታ ውስጡ ቆሽሾ ይገኛል።

ከፈተና የወደቀ ኖዝል ሁሉ ግን አይጣልም። ብዙው ቆሻሻ ብቻ ነው። ሞርሳ ላይ በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ለስላሳ መያዣ አስሬ ዳዶውን እፈታለሁ። ከውስጥ ሞላው፣ ሺሙ፣ የግፊት ፒኑ፣ መለያዪቱ ቁራጭና ኖዝሉ ራሱ ይወጣሉ። ተጠንቅቆ ማውጣት ነው፤ ሺሟ ከወደቀች መሬት ላይ ማግኘት የቀን ሥራ ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ዕቃ በየራሱ ሳህን። መርፌና ቀፎ አብረው የተለኩ ናቸው። የአንዱን መርፌ ለሌላው ቀፎ መስጠት አይቻልም። «ሁለት የተበላሹ ስላሉ ከሁለቱ አንድ ጤነኛ አውጣልኝ» የሚሉኝ አሉ። ኧረ አቦ፣ አይሆንም።

ማጠቢያው ንጹህ ናፍታ ነው። ውጪውን ያለውን ካርቦን በናስ ብሩሽ፣ ጫፏን በእንጨት ስንጥር። ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት የገባበት ኖዝል ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚሄደው። ከአንድ ጋራዥ በአሸዋ ወረቀት እንደ መስታወት የተወለወለ መርፌ መጥቶልኝ ያውቃል። ያምራል። ሁለት ሦስት ማይክሮን ግን ተላጭቷል፤ ሙሉው ክፍተት ስንት እንደሆነ ቅድም ነግሬያችኋለሁ። የለሰለሰውን የመርፌዋን ወገብም በጣት አትንኩት፤ ላብ ያዝገዋል።

ከታጠበ በኋላ የምትመጣው ፈተና ማሽን አትፈልግም። ቀፎውን 60 ዲግሪ ያህል ዘንበል አድርጌ እይዛለሁ። መርፌዋን የርዝመቷን አንድ ሦስተኛ ያህል እስባትና እለቃታለሁ። በራሷ ክብደት፣ ሳትቸኩል ሳትቆም፣ ተንሸራታ መግባት አለባት። ትንሽ አዙሬ እደግማለሁ። ከያዛት እንደገና ትታጠባለች። ደግሞ ከያዛት ኖዝሉ ይቀየራል። ዘው ብላ ከወደቀች ደግሞ ተበልታለች፤ ያም ይቀየራል። ደንበኛ ከፊቴ ቁጭ ብሎ ይህን ሲያይ ጸጥ ይላል። እኔም ጸጥ እላለሁ፤ ስንት ዓመት ሠርቼው አሁንም ደስ ይለኛል።

ግፊቱ የሚስተካከለው በሺም ነው። ወፍራም ሺም ሲገባ ሞላው ይበልጥ ይታመቃል፤ መክፈቻው ይጨምራል። መርሴዲስ ላይ የ0.05 ሚሊ ሜትር ልዩነት 3 ባር ገደማ ያመጣል። ሁለት ሺም መደራረብ የለም፤ አንድ ትክክለኛ ውፍረት ያለው ነው የሚገባው። እኔ ሁሉንም ኖዝሎች በ5 ባር ውስጥ ሳላቀራርብ አላስረክብም። 1ኤችዜድ ላይ አምስቱ 155፣ አንዱ 145 ከሆነ እያንዳንዱ ልክ ቢመስልም ሚኒሞው አያርፍም።

አዲስ ኖዝል መግዛት ካለባችሁ፣ ካርቶን አትመኑ። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ትልቅ ስም የተጻፈበት ካርቶን ትገዛላችሁ፤ ውስጡ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ኖዝሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ጽሑፉ የተንሻፈፈ፣ በጥፍር ሲነካ የሚለቅ ከሆነ መልሱት። እኔ አዲሱንም በናፍታ አጥቤ እፈትሸዋለሁ፤ ሲመጣ እንዳይዝግ የተቀባ ዘይት ይኖረዋል። ከካርቶኑ ወጥቶ የሚያንጠባጥብ አዲስ ኖዝል አይቻለሁ። ጤነኛ ያገለገለ ከእሱ ይሻላል።

መልሶ መግጠሙ ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። የኖዝሉ ቀዳዳ ስር የቀረች አሮጌ ሮንዴላ ካለች አዲሷ ላይዋ ትቀመጣለች፤ ኖዝሉ ከቦታው ከፍ ይላል፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል። ቀዳዳውን በባትሪ መብራት እዩ። ሮንዴላ ሁልጊዜ አዲስ ነው። እሳት የምትከላከለው፣ ሞገድ ያላት ሮንዴላ ደግሞ ፊትና ጀርባ አላት፤ ስትወጣ እንዴት እንደነበረች ፎቶ አንሷት። ቶዮታዎቹ ላይ ኖዝሉ ወደ ቴስታታው በ64 ኒውተን ሜትር ይታሰራል። ቶርክ ቁልፍ የሌለው መካኒክ «እጄ ያውቃል» ይላችኋል። ይወቅ፤ ግን ቶርክ ቁልፍ ያለውን ፈልጉ። መርሴዲሷን ለሚፈታ ሰው የ27 ረጅም ቡሶላ ያስፈልገዋል፤ ትርፍ ናፍታ የሚመልሱትን ትናንሽ ጎማዎቿን ያኔውኑ ይቀይር። ሲሰነጠቁ አየር ይገባባቸዋል፤ ጠዋት ማስነሳት ጭንቅ ይሆናል፣ ከዚያም ያው ፖምፓው ይከሰሳል።

ሲያልቅ አየር ይወጣል። በፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር መጫን፣ የቧንቧዎቹን ዳዶ ኖዝሎቹ ጋ አላልቶ ሞተሩን ማዞር፣ ናፍታ ሲመጣ ማጥበቅ። ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር እየተንፈራገጠ ይነሳል፤ የቀሩት አንድ በአንድ ይገባሉ።

ስለ ናፍታው ሁለት ነገር ብዬ ላብቃ። ናፍታ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን የፖምፓውና የመርፌዋ ዘይትም ነው። ነጭ ጋዝ ሲቀላቀልበት ይቀጥናል፤ ማለስለሱ ይቀንሳል፤ ብረት ብረትን ይበላል። ውኃ ደግሞ ያዘገዋል። ከበርሜል የምትቀዱ፣ በርሜሉ ሳይነቃነቅ ይደር፤ መምጠጫው ከስሩ ከፍ ይበል፤ የመጨረሻዋን ሊትር ተዉአት። ከፊልትሮው ስር ያለችውን የውኃ መፍሰሻም በየጊዜው ክፈቷት። «ትንሽ የሞተር ዘይት ናፍታው ላይ ልጨምር?» ለሚለኝ ሰው መልሴ «አይሆንም» ነው። ዘይት ሲቃጠል ካርቦን ይተዋል፤ ካርቦኑ የሚቀመጠው ደግሞ ከኖዝሉ ጫፍ ላይ ነው።

ኖዝል ለማስፈተሽ ስታመጡ፣ ለእኔም ይሁን ለሌላ ሠሪ፣ እያንዳንዱ ላይ የሲሊንደሩን ቁጥር ለጥፉ። የተፈታበትን ቀዳዳ በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ፤ የቧንቧዎቹንም ጫፍ በፕላስቲክ እሰሩ። ስትወስዱ ደግሞ ውጤቱን በጽሑፍ ጠይቁ፦ የእያንዳንዱ መክፈቻ ግፊት ከመሠራቱ በፊት ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው። እኔ በእስክሪብቶ በኖዝል ካርቶን ጀርባ ላይ ጽፌ እሰጣለሁ። «ታጥቧል፣ ደህና ነው» ብሎ ብቻ የሚያስረክባችሁ ካለ መፈተሻው ላይ አስሮ እንዲያሳያችሁ ንገሩት።